ሰባት ጠርሙስ ውኃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማስረጃ አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት በሳሙና፣ በብሩሽና በቅን ልቦና ነው።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት አቃቂ ውስጥ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ እሠራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም ቀነሰኝ። ፖሊስ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ተመዘገብኩ። ሥልጠናውን ስጨርስ የአሥር አለቃ ማዕረግ ሰጥተው ቃሊቲ መደቡኝ።

ክፍላችን ከጣቢያው ጀርባ የቆመ አሮጌ ኮንቴይነር ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት መደርደሪያ፣ ከደጁ ደግሞ አንድ የውኃ ቧንቧ ነበረው። በናዝሬት መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። አለቃዬ ሻምበል ወርቁ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሰው ሲያጠፋ የሚቀጡት ዝም ብለው በማየት ነው።

በዚያ ጠዋት አንድ ፌሮ ብረት ሰጡኝ። ሌባ የባትሪ መሸጫ ሱቅ በር በፌሮው ፈልቅቆ ገብቷል። ሲሸሽ ባትሪዎቹን ገለበጣቸው፤ ፌሮውም የፈሰሰው አሲድ ውስጥ ወድቆ ቀረ። «ይኼ ነገር ሰው እንዳያቃጥል አድርጊልኝ» አሉኝና ወደ ስብሰባ ሄዱ።

እኔ ደግሞ ከሳሙና ፋብሪካ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሶዳ በጥብጬ ነከርኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ በሳሙና አጠብኩት፣ በጨርቅ ወለወልኩት። ሻምበል ሲመለሱ ፌሮው ጠረጴዛው ላይ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቅ ነበር።

ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሻራው የታለ?» አሉ።

እጄ ላይ የቀረውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ከበሩ የተፋቀው ሰማያዊ ቀለምስ? ጫፉ ላይ ነበር።»

«አጠብኩት፣ ጌታዬ።»

«ውኃውንስ ምን አደረግሽው?»

«ደፋሁት።»

«የት?»

«ቦዩ ውስጥ።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። «ውኃውን እንኳ ብታስቀምጪው፣ የቀለሙን ቅርፊት ከሥሩ እናገኘው ነበር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተጠርጣሪው በማስረጃ እጦት ተለቀቀ። ወሬው ጣቢያ ውስጥ ሳለ ደርሶት ኖሮ፣ በሳምንቱ ሳሪስ አቦ ገበያ ሲያገኘኝ ኮፍያውን አንስቶ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለኝ። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ግርማ ነበር። ግርማ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ወሬ ደግሞ አያሳድርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቢያው ውስጥ ስሜ የሺ መሆኑ ቀርቶ «አጣቢዋ» ሆነ።

እልህ ያዘኝ። አጣቢ ካላችሁኝ፣ እንግዲያው እንዴት እንደሚታጠብ አሳያችኋለሁ አልኩ።

ሻምበል ወርቁ ዳር ዳሩ የተበላ አንድ መመሪያ ነበራቸው። ከእሱ ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው፦ ኤግዚቢቱ፣ ማለትም የተያዘው ማስረጃ፣ አይታጠብም፤ የሚታጠበው የታሸገበት ነው። መርዝ የነካው ዕቃ እንደተገኘ ሆኖ ጠርሙስ ወይም ድርብ ከረጢት ውስጥ ይገባል። የሰው እጅ የሚነካው የከረጢቱን ውጭ ስለሆነ፣ እሱ ብቻ ይጸዳል። የውስጡን ላቦራቶሪ ይክፈተው።

ሁለተኛው ሲባጎ ነው። ቦታው በሁለት ሲባጎ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ከውስጠኛው ወዲያ ያለው ቆሻሻ ነው፤ እዚያ ዕቃ አንሺው ይቆማል። መሐል ላይ አጣቢው አለ። ከውጨኛው ወዲህ ንጹሕ ነው፤ እዚያ ጸሐፊው ይቀመጣል። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ሰው ግን ሲባጎ አይሻገርም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ ጓንት፣ ሳፋው ላይ አዲስ ላስቲክ፣ አዲስ ውኃ።

ሦስተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሰማያዊ ቀለም እያሰብኩ ነው የጨመርኩት። ከመታጠቡ በፊት ከውኃው አንድ ጠርሙስ ይቀዳል። ከታጠበ በኋላ ከእጣቢው ሌላ ጠርሙስ ይቀዳል። የመጀመሪያው ውኃው ራሱ መርዝ ይዞ እንዳልመጣ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከረጢቱ እንዳላፈሰሰ ይናገራል።

ዕቃ የሚገዛልን ስላልነበረ ከሳሪስ ገበያ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ገዛሁ። አሮጌ የመኪና ሸራ ለመንኩ። የማርማላታ ጠርሙስ ከየካፌው ሰብስቤ ቀቀልኩ። አሳላፊዎቹ ገና ከበር ሲያዩኝ «ዛሬ የለም!» ማለት ጀመሩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ በማግስቱ እመለሳለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ በረኪና ነው። በረኪና ካልሸተተው ቤቱ የጸዳ የማይመስለው ሰው፣ ከሥራ ቦታም ይዞት ይመጣል። በረኪና አሻራ ይበላል፣ ደም ይበላል፣ አሲድ ሲያገኝ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ይህን ለግርማ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አንድ ቀን አሲድ የነካው ከረጢት ላይ ደፋበትና ሁላችንም እያሳልን ከኮንቴይነሩ ሮጠን ወጣን። ሻምበል ወርቁ ዓይናቸው እያለቀሰ ግርማን ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ወዲያ በረኪና ለቤቱም ሲገዛ አይቼ አላውቅም።

ዓመታት አለፉ። ማዕረጋችን ስሙ ተለወጠ፤ እኔም ግርማም ሳጅን ተባልን። ሻምበል ወርቁ ዋና ኢንስፔክተር ሆኑ፤ እኛ ግን ሻምበል ማለቱን አልተውንም። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ያኔ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ቃሊቲ ውስጥ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚከማችበት መጋዘን ሰው ሞቷል ተባልን። ስንደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬሳውን አውጥተው፣ ጃኬቱን ከላዩ አውልቀው ወለሉ ላይ ትተውት ነበር። ሟቹ ሰይድ ይባላል፤ ከወሎ የመጣ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ በኪራይ ቤት የሚኖር ጫኝና አውራጅ ነው። ከአንድ የሚያንጠባጥብ በርሜል አጠገብ ነው የወደቀው። በርሜሉ ውስጥ ቱቦ ተሰክቷል። ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ የዚያ መድኃኒት ጠባዩ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ በር ላይ ተቀበለን። ከረባት አስሯል።

«ሌባ ነው» አለን፣ ሳንጠይቀው። «ዛሬ የዕረፍት ቀኑ ነው። ተሹለክልኮ ገብቶ በቱቦ ሊቀዳ ሲል በላዩ ላይ ፈሰሰበት። እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ እግሬን አላስገባሁም።» መርማሪው ቃሉን እንዳለ ጻፈው፤ እሱም ፈረመበት።

ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከረባትና ሸራ ጫማ አንድ ላይ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። እውነትም ሰውየው ከሱፍ ሱሪው ሥር ሸራ ጫማ ነበር ያደረገው። ለመርማሪው ነገርነው።

ቱታዬን ልለብስ ወደ መኪናው ስሄድ ከግቢው በር ውጭ ሴቶች ተሰብስበዋል። አንዷ ክንዴን ያዘችኝ። የሰይድ ሚስት ዘይነባ ነበረች።

«እህቴ፣ አለቃዋ አንቺ ነሽ?»

«አለቃዋ አይደለሁም። ዕቃውን የማሽገው እኔ ነኝ።»

«ሌባ ነው አሉት አይደል? ወላሂ ውሸት ነው! ቁርሱን አቅርቤለት ሳለ ነው ዘበኛ ልከው ያስጠሩት። ኃላፊው ይፈልግሃል ነው ያሉት። የሞተውስ ሞተ፣ የአላህ ፈቃድ ነው። ልጆቼ ግን ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ተብለው ሊመጡብኝ ነው።»

አንጀቴን በላችው። ግን የማላውቀውን መናገር አልችልም። «አላህ ያጥናሽ» አልኳት። «ማን ትክክል እንደሆነ እኔ አላውቅም። ዕቃው ላይ ያለውን ነገር ግን ማንም እንዳያበላሸው አደርጋለሁ።»

ሲባጎውን ዘረጋን። ግርማ ቱታ፣ የጎማ ቦትና ጭምብል አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ መሐል ላይ ቆምኩ። ሻምበል ወርቁ ከውጨኛው ሲባጎ ወዲህ መዝገብ ይዘው ተቀመጡ። አንድ ጀሪካን ውኃ ከጣቢያ ይዘን መጥተናል፤ ከእሱ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። መጀመሪያ የሰይድ ጃኬት መጣ። በድርብ ከረጢት ታሽጎ ሲያልፍልኝ ውጩን አጠብኩት፣ እጣቢውን ቀዳሁ። ቀጥሎ ቱቦው መጣ፣ አጠብኩት፣ ቀዳሁ። ሦስት ጠርሙስ ሆነ፤ ውኃው አለቀ።

ጨረስን ባልንበት ሰዓት መርማሪው ከቢሮው ጮኸ። ከኃላፊው ጠረጴዛ ሥር ጥቁር የቆዳ ጫማ አግኝቷል። የግራው ጫማ ላይ ከጣቱ እስከ ማሰሪያው ነጣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ደርቆበታል። ፎቶ ተነሣ። ግርማ አዲስ ጓንት አድርጎ ጫማውን ለብቻው አሸገው፤ ከዚያ እጠቢው ብሎ ዘረጋልኝ።

የግቢውን ቧንቧ ከፈትኩት። ደርቋል። ለከተማው የሚጠጣው ውኃ ከአቃቂ ጉድጓድ ይሳባል፤ የዚያን ዕለት ግን የእኛው ቧንቧ ደርቆ ዋለ።

«አጣቢዋ፣ ውኃ እኮ አለ» አለ ግርማ፣ ሳፋውን እያሳየኝ። «በዚሁ ጨርሺና እንውጣ።»

«እሱ የቱቦው እጣቢ ነው።»

«ከረጢቱን ነው እኮ የምታጥቢው፣ ጫማውን አይደለም!»

«ከረጢቱ ላይ ከቱቦው የመጣ ነገር ከቀረ፣ ላቦራቶሪ ሲከፈት ጫማው ላይ ይገባል። ያኔ ይኼ ጫማ ምንም አይናገርም።»

«በዚህ ፀሐይ በቱታ ተቀቅዬ መሞቴ ነው።»

«ቁም። ውኃ እስኪመጣ ቁም።»

ሻምበል ወርቁ መኪናውን ውኃ ፍለጋ ላኩት። መኪናው ሳይመለስ የግቢው ዘበኛ ለሴቶቹ ነግሯቸው ኖሮ፣ ሦስት ጀሪካን ውኃ ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ሁለቱን ጎረቤቶች፣ አንዱን ዘይነባ ራሷ ተሸክማለች። የባሏን ሬሳ ከወሰዱባት ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ከሦስቱም ጀሪካን አንድ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። ሁለቱ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ናቸው፣ ውኃቸው ጥርት ያለ ነው። የዘይነባ ጀሪካን ነጭ ነበረች፤ የተለጠፈባት ወረቀት ተፍቆ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ከእሷ የቀዳሁትን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። አንድ ጠብታ ወተት የገባበት ይመስል በስሱ ደፍርሷል። ይህን ድፍርስ አውቀዋለሁ፤ ያ መድኃኒት ውኃ ሲነካው እንዲህ ነው የሚሆነው።

«ይቺ ጀሪካን የማን ናት?» አልኩ።

«የኔ ናት» አለች ዘይነባ ከሲባጎው ማዶ።

«ከየት አገኘሻት?»

«ሰይድ ነው ባለፈው ሳምንት ከመጋዘኑ ያመጣት።»

ግርማ በጭምብሉ ውስጥ አየኝ። ሻምበል ወርቁ ብዕራቸውን እንደያዙ ቀና አሉ፤ ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ጻፉት።

ጀሪካኗን ወደ ጎን አደረግኳት። ዘይነባ ሁለት እርምጃ ተጠጋች። «የኔ ውኃ ምን ሆነ?» አለች።

«በእሷ አልጠቀምም። እናንተም አትጠጡባት። ልጆቹም እንዳይነኳት።»

ድምፄ በጭምብሉ ታፍኖ እንደ ቁጣ ሳይወጣ አልቀረም። ፊቷ ተለዋወጠ። ጀሪካኗን መልሳ ይዛ ሄዳ ግንቡ ሥር ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። የጫማውን ከረጢት ከጎረቤቶቹ በአንደኛው ውኃ አጠብኩና እጣቢውን ቀዳሁ። ሰባት ጠርሙስ ሆነ፦ አራት ንጹሕ ውኃ የተባለ፣ ሦስት እጣቢ። ሁሉም ላይ ቁጥርና ፊርማ ተጻፈ።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ጫማው ላይ የተገኘው ሰይድን የገደለው መድኃኒት ነው። የጫማው ከረጢት እጣቢ ንጹሕ ነው። የጎረቤቶቹ ሁለት ጀሪካኖች ንጹሕ ናቸው። የዘይነባ ጀሪካን ያው መድኃኒት አለበት።

ኃላፊው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ። መዝገቡን የያዘው ወጣት ዓቃቤ ሕግ ኮንቴይነራችን ድረስ መጣ።

«ሳጅን የሺ፣ ይቺ ከሟቹ ሚስት ጀሪካን የተቀዳች ጠርሙስ ምን ትሠራልናለች?» አለኝ። «ያልታጠበባት ውኃ ናት። ስድስት ጠርሙስ ይበቃናል። እሷን ካየ ጠበቃው ሟቹን ሌባ ነው ብሎ ይጨርሰናል።»

እሱ ሲሄድ ግርማ ቀጠለ። ግርማ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያሳዝነው ነገር ሲገጥመው ነው የሚቆጣው። «ሴትዮዋ ለእኛ ውኃ ተሸክማ መጥታ፣ በዚያው ውኃ ባሏን ሌባ ልናስብልባት? ድፊው፣ የሺ። ማን ያይሻል?»

በስሜ ከጠራኝ ስንት ዓመቱ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠርሙሷን ይዤ ቧንቧው ዘንድ ሄጃለሁ። ክዳኗን ላላ አድርጌያለሁ። ሰይድ ሰርቆ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰርቆም ቢሆን ልጆቹ ምን አደረጉ ብዬ ነበር። ዝቅ ስል ያው ቦይ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ያን ሰማያዊ ቀለም የወሰደው ቦይ። ያኔ ሳላውቅ ነው የደፋሁት፤ አሁን ግን አውቄ ልደፋ ነበር።

ክዳኗን አጠበቅኩ። ገብቼ ለሻምበል ወርቁ «ሰባቱም ይሄዳሉ» አልኳቸው።

«ስድስት መቼ አልኩሽ?» አሉኝ፣ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ማልኩ። የተከሳሹ ጠበቃ ንግግሩ የተዋጣለት ጎልማሳ ነበር።

«ምስክር፣ የሟቹን ጃኬትና የደንበኛዬን ጫማ በአንድ ሳፋ ውስጥ አጥበዋል። ትክክል ነኝ?»

«ሳፋው አንድ ነው። ላስቲኩና ውኃው የተለያየ ነው። ጃኬቱም ጫማውም አልታጠበም፤ የታጠበው የታሸጉበት ነው።»

«ከጃኬቱ ወደ ጫማው ምንም አላለፈም ብለው ይምላሉ?»

«መማል አያስፈልገኝም። የጫማው ከረጢት የታጠበበት እጣቢ ሰባተኛው ጠርሙስ ውስጥ አለ። ንጹሕ ነው።»

ፈገግ አለ። «ውኃውን ያመጡት የሟቹ ሚስትና ጎረቤቶቿ ናቸው። የሟቹን ልብስ በነካ እጃቸው።»

«ከመጠቀሜ በፊት ከእያንዳንዱ ጀሪካን ቀድቻለሁ። የጫማው ከረጢት የታጠበበት ንጹሕ ነው።»

ወረቀቱን አገላበጠና አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አቆመ። ያችን መስመር እንዳገኛት ከፊቱ አወቅኩ።

«ከሟቹ ቤት በመጣ ጀሪካን ውስጥ የመጋዘኑ መድኃኒት ተገኝቷል። አዎ ወይስ አይደለም?»

«አዎ።»

«ጀሪካኑን ወደ ቤት ያመጣው ማን ነው?»

«ሚስቱ ስትናገር ሟቹ ከመጋዘኑ እንዳመጣው ሰምቻለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጠበቃው «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ዘይነባ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አየችኝ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም፤ መጀመሪያ ውኃዋን ገፋሁ፣ አሁን ደግሞ በውኃዋ መሰከርኩባት።

የመሐል ዳኛው ግን መዝገቡን አልዘጉም። ዘይነባን ወደ ፊት ጠሯት። «ይህ ጀሪካን ከመጋዘኑ እንዴት እንደወጣ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለች። «ባዶውን ነው የሰጡት። ለእሱ ብቻም አይደለም፣ ለአውራጆቹ ሁሉ ነው የታደለው። ኃላፊው ራሱ ውሰዱት ብሏቸዋል። ሠፈራችንን ጠይቁ! ስንቱ ሰው በሱ ውኃ ይቀዳል።»

ጠበቃው ለመቃወም ብድግ አለ። ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡትና እንድናጣራ አዘዙ።

ግርማና እኔ ሠፈሩን ቤት ለቤት ዞርን። ወረቀታቸው የተፋቀ ነጭ ጀሪካኖች ከበር ሥር፣ ከአልጋ ሥር፣ ከማዕድ ቤት ወጡ። አንድም ሳይቀር ከሁሉም ቀዳሁ። አንዲት አሮጊት ጀሪካናቸውን ላለመስጠት ሲታገሉ ግርማ ዋጋውን ከኪሱ ሊከፍል ሲል አየሁት። ውጤቱ ያው ሆነ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ የመድኃኒቱ ቅሪት ነበር። የግቢው ዘበኛም ቀርቦ ሁለት ነገር መሰከረ። ባዶ ጀሪካኖቹን የሚያስቀምጥበት ስላጣ ለሠራተኞቹ አድል ያለው ኃላፊው ነው። በዚያ ጠዋት ሰይድን ከቤቱ ጥራው ብሎ የላከውም እሱ ነው።

እስከዚያ ቀን ዘበኛውን ስለ ጀሪካን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስለ ሰይድ ሲጠየቅ ኃላፊውን ፈርቶ አላውቅም ብሎ ነበር፤ ስለ ጀሪካኑ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው እሱንም የተናገረው።

ፍርዱ ሲነበብ ዳኛው ስለ ጫማው ብዙ አሉ። ተከሳሹ እግሬን አላስገባሁም ባለበት መጋዘን ውስጥ፣ በርሜሉ ሲፈስ ከሰይድ ጎን ቆሞ እንደነበር ጫማው ያሳያል አሉ። ሰይድ በዕረፍት ቀኑ ተጠርቶ፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል የሚያፈስ በርሜል በቱቦ ወደ ሌላ በርሜል እንዲገለብጥ ታዝዞ ሞቷል ተብሎ ተጻፈ። ስርቆት የሚለው ቃል ከመዝገቡ ወጣ። ኃላፊው ታሰረ። ጀሪካኖቹም ተሰብስበው ተወገዱ።

ደጅ ስወጣ ዘይነባ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ምን እንደምላት አላውቅም ነበርና እሷ ቀደመችኝ።

«ያን ቀን ውኃዬን ወደ ጎን ስታደርጊው፣ የናቅሽኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «የጎረቤቶቼን ተቀብለሽ የኔን ስትመልሺ፣ ወላሂ ከሞቱ ቀጥሎ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ቤት ገብቼ ጀሪካኗን በእልህ ወርውሬያት፣ ልጆቹንም እንዳትነኳት አልኳቸው። መርዝ መሆኑን አውቄ አይደለም፤ በአንቺ ተናድጄ ነው።»

«ልጆቹስ ደኅና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናቸው።»

አለቀስኩ። መለዮ ለብሼ ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው። ዘይነባ አቀፈችኝና «አብሽሪ» አለችኝ፤ ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግርማ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚያልፈውን መኪና ይቆጥር ጀመር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሻምበል ወርቁ አርፈዋል። ግርማ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶት እዚያ ይኖራል፤ ስልክ ሲደውል ዛሬም «አጣቢዋ» ነው የሚለኝ። እናንተ ተተኪዎቻችን ዛሬ በምትሠሩበት ክፍል ማሽኑም፣ ቱታውም፣ ጠርሙሱም ከእኛ ዘመን የተሻለ ነው፤ ደስ ይለኛል። ከማርማላታ ጠርሙስ ዘመን የማስተላልፍላችሁ ይኼን ብቻ ነው።

ከማጠባችሁ በፊት ከውኃው ቅዱ። ካጠባችሁ በኋላ ከእጣቢው ቅዱ። አንዴ የቀዳችሁትን ጠርሙስ፣ መስማት የማትፈልጉትን ቢናገርም፣ አትድፉት።